አጣናው የተሸከመው ሰው

ክቡር አንባቢ፤ ከሐዋሳ ወደ ዲላ በሚወስደው መንገድ ቱላ ሲደርሱ ግራና ቀኙን ይመልከቱ። እንሰት ከበቀለበት ጓሮ አጠገብ ብሎኬት ይደረደራል፤ ከፊቱም ባሕር ዛፍ በባሕር ዛፍ ላይ ተቸንክሮ ቆሟል። ቤቱ ከፍ ባለ ቁጥር የሚወድቀውም ሰው ከፍ ካለ ቦታ ይወድቃል። ዛሬ የምናነጋግርዎ ስለዚሁ መወጣጫ ነው፤ ቤቱን የሚያሠሩት እርስዎ ይሆናሉና።

ባሕር ዛፍ በዐፄ ምኒልክ ዘመን አገራችን ከገባ ወዲህ ያልደገፈው ግድግዳ የለም፤ እኛም አንነቅፈውም። የምንነቅፈው አቸነካከሩን ነው። ትናንት የተቆረጠ እርጥብ አጣና ሚስማሩን አጥብቆ ይይዛል፤ ፀሐይ ሲመታው ግን ይደርቃል፣ ይኮማተራል፣ ሚስማሩም ይላላል። ሰኞ የጠነከረው መወጣጫ በሳምንቱ ያው አይደለም። ስለዚህ ግንበኛው በየማለዳው ከመውጣቱ በፊት ማያያዣውን ሁሉ ነቅነቅ አድርጎ ይፈትን። ዝናብ ያደረ እንደሆነ የቋሚው እግር ጭቃ ውስጥ ይሰምጣልና ከሥሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ይደረግለት።

ከሁሉ የከፋው ጣውላው ነው። ጫፉ ከአግዳሚው አልፎ በአየር ላይ የቀረ ጣውላ ለዓይን ደኅና ይመስላል፤ ባሬላ የያዘ ሰው ጫፉን ሲረግጠው ግን ወዲያው ይገለበጣል። በሁለቱም በኩል በአግዳሚ ላይ አርፎ ይቸንከር። በውጭውም በኩል እምብርት የሚደርስ መከለያ ይታሰር። ዋጋው ስንት ነው? ሁለት ሦስት አጣና! ካፖው «ልጆቹ ለምደውታል» ቢልዎ አይቀበሉት፤ እጁን ኪሱ ከትቶ በጣውላ ላይ የሚሄደው የለመደው ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 አሠሪው ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ መሣሪያና ልብስ እንዲሰጥ ያዛል፤ በሥራ ላይ ለሚደርሰውም ጉዳት ጥፋት ባይኖርበት እንኳ ኃላፊ ያደርገዋል። መልካም ነው። ነገር ግን ጠዋት ከመንገድ ዳር ተጠርቶ ማታ የቀን ሒሳቡን የሚቀበል ልጅ ስሙ በምን ወረቀት ላይ ይገኛል? ከሥራ ተቋራጩ ጋር ሲዋዋሉ ስለ ብረቱና ስለ ብሎኬቱ እንደሚጽፉ ሁሉ፣ ስለ ሠራተኞቹ ስም መመዝገብ፣ ስለ መወጣጫው፣ ስለ ሄልሜቱና ስለ ጓንቲው ያጽፉ።

ጓንቲ ቅንጦት አይደለም። እርጥብ ሲሚንቶ እንደ ኖራ ያቃጥላል፤ ክፋቱም ሲነካ ወዲያው አለማሳመሙ ነው። የነካው ገላ በብዙ ንጹሕ ውኃ ይታጠብ፤ ቦት ጫማ ውስጥ የገባም እንደሆነ ማታን አይጠበቅ።

የመጸዳጃውንም ጉድጓድ አይርሱ። ተከድኖ በቆየ ጉድጓድ ውስጥ የሚገድል አየር ይጠራቀማል። ባለሙያ ሳያየው ማንም አይውረድ፤ ጓደኛውን ላውጣ ብሎ ተከትሎ የሚወርደው አብሮት ይቀራልና።

ከመወጣጫ የወደቀ ሰው ቢኖር ደግሞ እጅና እግሩን አንጠልጥለው ባጃጅ ላይ አይጫኑት። የተሰበረ አከርካሪ በዚያን ጊዜ ይብሳል። አምቡላንስ እስኪመጣ አንገቱንና ወገቡን ሳያንቀሳቅሱ ባለበት ያቆዩት፤ የግድ መነሣት ካለበትም ብዙ ሆነው በአንድ ጊዜ፣ ገላውን እንደ ቀና አድርገው በሰፊ ጣውላ ላይ ያስተኙት።