ስሟ ጤና፣ ሐኪሟ ጉጠት!

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ከሕጉ እንጀምር። በ2002 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 661፣ ተከትሎትም በ2006 ዓ.ም. የወጣው ደንብ ቁጥር 299፣ ያልተመዘገበና የሙያ ፈቃድ ያልያዘ ሰው በጤና ሙያ እንዳይሠራ ደንግገዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ሳይፈቀድለት የሚያክመውን ይቀጣል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ዲግሪ ብቻውን አይበቃም ተብሎ የጤና ሚኒስቴር የብቃት ምዘና ፈተና መጥቷል። የጥርስ ሐኪምም ከዚህ አያመልጥም።

ደግ አደረጉ! እኔ በበኩሌ "ፈቃድ ምን ያደርጋል" ከሚሉት ወገን አይደለሁም። ጥርስ መንቀል ቀላል የሚመስለው አፉን ከፍቶ ላልተቀመጠ ሰው ነው። ማደንዘዣው መጠን አለው። ደሙ ቶሎ የማይቆምለት በሽተኛ አለ፤ ስኳር ያለበት፣ ልቡን የሚያመው አለ። ካንዱ አፍ ወጥቶ በወጉ ሳይቀቀል ሌላው አፍ የሚገባ መሣሪያ የጉበት ቫይረስና ኤች አይ ቪ ሊያጋባ ይችላል። ስለዚህ ግድግዳ ላይ የምትሰቀለዋ ወረቀት ጌጥ አይደለችም።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ለመሆኑ ይሄ ሁሉ ሕግ ወገል ጤና ደርሷል ወይ?

ላላየው አንባቢ፣ ወገል ጤና የደላንታ ዋና ከተማ ነች። ደጋው በሰሜን በኩል በጅጣ፣ በደቡብ በኩል በበሽሎ ገደል የተቆረጠ ነው። አፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ሴባስቶፖልን እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ያለፉት በዚሁ አገር ነው። እዚህ፣ ከጋሸና ማዶም በላስታ ተራሮች፣ ጥርሱ የሚጠዘጥዘው ገበሬ መጀመሪያ ቅርንፉድ ይነክሳል። አልሆንለት ሲል ወደ ወጌሻ ይሄዳል። ወጌሻው ጉጠት አለው፤ ማደንዘዣ የለውም።

የሕፃናቱ ነገር ይብሳል። ልጁ ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው "የጥርስ ነው" ተብሎ ገና ያልወጣ የወተት ጥርሱ በስለት ይፈለፈላል። በዚያው እንጥሉም ይቆረጣል። ያበጠው ድድ እኮ በሽታ አይደለም፤ ሊወጣ የተቃረበ ጥርስ ነው! ልጁ ደም ይፈሰዋል፣ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ከሥር ያለው ዋናው ጥርስም ሊበላሽ ይችላል። ተቅማጡ ግን የሚፈልገው በንጹሕ ውሃ የተበጠበጠ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነበር።

ወጌሻውን ልረግም አልተነሳሁም። ስብራት ሲያሽ የኖረ፣ ሰፈሩ አምኖ የያዘው ሰው ነው። ሌላ ሰው በሌለበት "አትንካ" ብሎ መከልከል በሽተኛውን ከነሕመሙ ቤቱ መመለስ ነው። የምወቅሰው ሐኪሙን በፈተና፣ በምዝገባና በእድሳት እያጣራ፣ የተጣራው ሐኪም የት እንደገባ የማይጠይቀውን መንግሥት ነው። ለደጋው ሰው ባለ ፈቃድ የጥርስ ሐኪም ላም አለኝ በሰማይ ሆኖበታል።

ገደሉ ነው እንዳይሉን ደግሞ ኦፓሉ አለ። በ2000 ዓ.ም. ገደማ የወገል ጤና ኦፓል ዝናው ሲወጣ መንግሥት አልዘገየም። ቆፋሪው በማኅበር ተደራጅ፣ ነጋዴው ፈቃድ አውጣ ተባለ። ድንጋይ ለሚሸጥ ፈቃድ ለመስጠት ያላገደው ገደል፣ ጥርስ የሚነቅል ባለ ፈቃድ ለመላክ እንዴት ያግዳል? ወይ ጉድ!

ደመወዙስ? በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች "ኑሮውን አልቻልነውም" ብለው ሥራ ባቆሙ ጊዜ መልሱ ለብዙዎቹ እስር ነበር። አዋጅ አክብሮ የተማረውን፣ የተፈተነውንና የተመዘገበውን እያሰሩ "ደላንታ ውጣና አገልግል" ማለት ያምራል?

መፍትሔው የተሰወረ አይደለም። ኒውዚላንድ በ1921 እ.ኤ.አ. ሐኪም እስኪበዛ አልጠበቀችም። ሴቶችን ለሁለት ዓመት አሠልጥና የትምህርት ቤት የጥርስ ነርስ አደረገች፤ የሕፃናትን ጥርስ ይሞላሉ፣ ይነቅላሉ፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ለሐኪም ያስተላልፋሉ። እኛም አገር የጥርስ ቴራፒስት የሚባል ባለሙያ አለ። ምን መሥራት እንደሚችል፣ ምን እንደማይነካ ፈቃዱ ላይ በግልጽ ይጻፍለትና በየወረዳው ሆስፒታል ይመደብ። የመኖሪያ ቤትና የበረሃ አበል ሳይሆን የደጋ አበል ይታሰብለት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ወተት ጥርስና ስለ እንጥል እናቶችንም ወጌሻውንም ያስተምሩ። የባለ ፈቃዶቹ ስም ዝርዝር ደግሞ ማንም ሊያየው በሚችል ቦታ ይለጠፍ፤ ከተማም ቢሆን ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ሐኪም አይደለምና።

ክቡራን ባለሥልጣናት፣ ፈቃዱን ስትፈትሹ ባለ ፈቃዱ የት እንዳለም ፈትሹ። ሌሊቱን ሙሉ ጥርሱን ይዞ ያደረ ገበሬ አዋጅ ቢነክስ አይሻለውም።