ሀርለምን ከማየታችን በፊት ቴፒን

ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው፤ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን ሆላንድ የሚኖር የቀድሞ ተማሪዬ ፎቶ ሲለጥፍ ሰነበተ። እዚያ በጥቅምት ትምህርት ቤት ለአንድ ሳምንት ይዘጋል። እሱም ከጓደኞቹ ጋር ከአምስተርዳም እየተነሳ ሀርለም፣ ላይደን፣ ዩትሬክት ሲዞር ከረመ። «ቲቸር፣ እዚህ እኮ ቁርስ አንዱ ከተማ፣ ምሳ ሌላው ከተማ ነው» አለኝ። ደስ አለኝ፣ መረቅኩት። ቀጥሎ ግን «ቦንጋ ያለው የቡና ሙዚየም እንዴት ነው? እዚህ ሰዎች ሲጠይቁኝ መልስ የለኝም» ብሎ ጻፈልኝ።

እኔም መልስ የለኝም! ጂኦግራፊ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሚዛን ስኖር ዓመታት አለፉ፤ ወደ ጅማ ስሄድ በቦንጋ ስንቴ አልፌያለሁ። መኪናው ሲቆም ወርጄ ሙዝ ገዝቼ እመለሳለሁ፣ በቃ። የማውቃት ከመኪና መስኮት ነው።

ነገሩ ስለከነከነኝ ባለፈው ቅዳሜ ቢያንስ ቴፒን በደንብ ልያት ብዬ ተነሳሁ። ልሄድ ነው ስል ሦስት ሰው «ሰላም ነው እንዴ?» አለኝ። አልፈርድባቸውም፤ ያ መንገድ የተዘጋበትን ጊዜ ሁላችንም እናስታውሳለን። ግን ቴፒ ደርሼ ሻይ ቤት ስቀመጥ አንድ አባት ከየት መጣህ ብለው ጠየቁኝ። ከሚዛን ስላቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ሚዛን ሰላም ነው እንዴ ልጄ?» በመሃላችን ያለው ሃምሳ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው! ስለ ጎረቤታችን የምንሰማው ክፉ ወሬ ብቻ ከሆነ፣ ልጆቻችን ደግሞ ያንን ብቻ ይዘው ካደጉ፣ ነገ አንድ ነገር ሲፈጠር ማን ማንን ያምናል? እኔን የሚያስፈራኝ ከመንገዱ ይልቅ ይሄ ነው።

መንገዱማ ያምራል። በሸኮ በኩል ስታልፉ አሁን የለቀማ ጊዜ ስለሆነ በየደጁ ቡና ተሰጥቷል። ወደ ቴፒ ስትወርዱ ሙቀቱ ይጨምራል፣ ጃኬት ይወልቃል። አንድ የሙያ ባልደረባዬ ጓሮው ወስዶ ቁንዶ በርበሬ አሳየኝ፤ ሐረጉ ዛፍ ላይ ተጠምጥሞ ወጥቷል፣ ፍሬው እንደ ዶቃ ተንጠልጥሏል። አትሳቁብኝና ሐረግ መሆኑን ያኔ ነው ያየሁት። እዚያው ቴፒ የቅመማ ቅመም ምርምር ማዕከል አለ። ተማሪዎቻችን ግን ስለ ቅመም ንግድ ሲማሩ የሚሰሙት የህንድና የኢንዶኔዥያን ስም ነው።

ቡናውም እንደዚያው ነው። በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከዚሁ ከኛ አካባቢ የተወሰደው የጌሻ ቡና በታንዛኒያና በኮስታሪካ በኩል አልፎ ፓናማ ደረሰ፤ በ2004 እዚያ በጨረታ በሪከርድ ዋጋ ተሸጠ። ያ ተማሪዬ ያለበት አምስተርዳምም በ1706 ከጃቫ የመጣ የቡና ችግኝ በዕፅዋት ማሳደጊያው ተቀብሏል። ከዚያ ዘር በ1714 ለፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ አንድ ተክል ተሰጠ፤ የብዙው የአሜሪካ ቡና የዘር ሐረግም ከዚያ ይመዘዛል። ቡናው ዓለምን ዞሯል፤ እኛ ጌሻን ራሷን ስንቶቻችን አየናት?

አውቃለሁ፣ «በየትኛው ደሞዝ?» ትላላችሁ። እውነት ነው፣ ሆላንድ ባቡር አለ፣ እኛ ጋ በቅጥቅጥ ተጨናንቆ መሄድ ነው። ግን ቅዳሜን ሙሉ ድስቲቪ ቤት ኳስ እያየን የምናጠፋው ብር ቴፒ አድርሶ ይመልሳል (ራሴን ጨምሬ ነው)። ከ2014 ጀምሮ የክልላችን መቀመጫ ለቦንጋ፣ ለሚዛን አማን፣ ለቴፒና ለተርጫ ተከፋፍሏል። እስካሁን ግን በእነዚህ ከተሞች መካከል የሚመላለሰው በአብዛኛው አበል ያለው ሰው ነው። ተማሪ ለምን አይመላለስም? የትምህርት ጉብኝት ሲባል ሁሌ አዲስ አበባ ይታሰብና፣ ሂሳቡ ሲወደድ ጉዞው ይቀራል።

ስለዚህ በሴሚስተሩ እረፍት አሥራ ሁለት ተማሪ ይዤ ቦንጋ ልሄድ አስቤያለሁ። ሙዚየሙን፣ ከቻልን የእግዜር ድልድይንም አይተን እንመለሳለን። ወላጆችን ማነጋገር ጀምሬያለሁ፤ ሁለቱ «ሰላም ነው እንዴ?» ብለውኛል። የመኪናውን ዋጋ ሰኞ ጠይቄ እጽፋለሁ። ቦንጋ ያላችሁ ልጆቼ፣ ሙዚየሙ ቅዳሜና እሁድ ክፍት መሆኑን አጣሩልኝ፤ አንድ ሌሊት የምናድርበት ርካሽ ቦታ የምታውቁም ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።