የዋይፋይ ካርዱ ስም ይጠየቅ

መገናኛ አካባቢ ያገለገለ ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ስለ ራሙ፣ ስለ ሃርድ ዲስኩና ስለ ባትሪው አጥብቆ ይጠይቃል። የዋይፋይ ካርዱን የሚያነሳ ግን ብዙም የለም። ሊኑክስ ሊጭን ላሰበ ሰው ደግሞ ዋናው ጥያቄ እሱ ነበር።

ጉዱ የሚታየው ከተጫነ በኋላ ነው፤ የዋይፋይ ምልክቱ የለም። «ኤልኤስፒሲአይ» የሚለው ትእዛዝ ሲጻፍ ካርዱ፣ ብሮድኮምም ይሁን ሌላ፣ ከነሞዴሉ ይወጣል። «ዲሜሲጅ» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ፈርምዌሩ አልተገኘም ሊል ይችላል። ድራይቨሩ አለ፣ ካርዱ ላይ መጫን ያለበት የአምራቹ ፋይል ግን የለም ማለት ነው። እሱን ለማውረድ ደግሞ ኢንተርኔት ያስፈልጋል! ቁልፉን ውስጥ ትቶ በሩን እንደ መዝጋት ነው። መላው ስልክን በዩኤስቢ ሰክቶ ኢንተርኔቱን ማጋራት ነው።

ሰው ሊኑክስን ያማርራል፤ ይህ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። ፈርምዌሩን የሚቆልፈው አምራቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ለኢትዮጵያ ተማሪዎች በሺዎች የመጡት የ«አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» ኮምፒውተሮች እንኳ የሚሠሩት በሊኑክስ ሆኖ ሳለ፣ የማርቬል ዋይፋይ ቺፓቸው ፈርምዌር ዝግ ነበር። ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርጭትም በ2022 አባላቱን ድምፅ አሰጥቶ፣ ዝግ ፈርምዌሮችን በዋናው መጫኛው ያካተተው በ2023 በወጣው ዴቢያን 12 ነው።

ስለዚህ ከየካ ትምህርት ቤቶች እስከ እንጦጦ የጠፈር ምርምር ማዕከል ድረስ፣ ኮምፒውተር የሚገዛ ተቋም ሁሉ የካርዱን ሞዴል በጨረታ ሰነዱ ላይ ይጠይቅ። ግለሰብም ቢሆን ሻጩ ፊት ፍላሽ ሰክቶ ሊኑክስን ያስነሳ፤ ዋይፋዩ መያዙን ሳያይ ብር አይቁጠር።