ቀለሁ ሲጠራ ቤቱ እንዳይበከል

በዚህ ሳምንት የቤተሰብ አምዳችን የሚመልሰው ጥያቄ የደረሰን ከጅቡቲ ከተማ ዳርቻ፣ ከፔካ 12 ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው ሰፈሩ በ12ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ በወደቡና በኢትዮጵያ መካከል የሚመላለሱ ከባድ መኪናዎች የሚቆሙበት በመሆኑ የሀገራችን ሰው አይጠፋበትም። ጸሐፊው የቀድሞ የሠራዊት ባልደረባ ናቸው፤ ዛሬ በመኪና ጥገና ሙያ ይተዳደራሉ። አንድ የዒላማ ተኩስ ቡድን የተተኮሱ የናስ ቀለሆቹን እንደገና ከመሞላታቸው በፊት እንዲያጸዱለት ስለ ጠየቃቸው፣ «የትኛውን ማጽጃ መሣሪያ ልግዛ?» ይሉናል። ከደብዳቤው ግርጌ ግን ባለቤታቸው በራሳቸው እጅ እንዲህ ጨምረዋል፦ «የሦስት ዓመት ልጅ አለን። ይህ ሥራ ከግቢያችን እንዳይገባ ንገሩልኝ።»

እኛም ለሁለቱም እንመልሳለን። አስቀድመን ግን አንድ ነገር እናሳስባለን። የሠራዊቱ ቀለህ የግል ንብረት አይደለም፤ ከተኩስ ሜዳ ተለቅሞ፣ ተቆጥሮ ወደ ግምጃ ቤት ይመለሳል። ከዚህ በታች የምንናገረው ሕግ ፈቅዶላቸው በስፖርት ተኩስ ለተሰማሩ ሰዎች ስለሚሠራ ሥራ ብቻ ነው።

ባዶ ቀለህን ማክበር ለአባቶቻችን እንግዳ ነገር አልነበረም። ከጅቡቲ ከተማ ባሻገር፣ ከባሕረ ሰላጤው ማዶ ካለችው ታጁራ ወደ ሸዋ በግመል የተጓዘው ጠመንጃና ጥይት ብዙ ነው። ባለቅኔው ፈረንሳዊ አርቱር ራምቦ እንኳ እ.ኤ.አ. በ1886 የጦር መሣሪያ ጭኖ ከዚያ ተነሥቶ፣ በ1887 ሸዋ ደርሷል። ውጅግራ ብለን የምንጠራው ጠመንጃ ስሙን ያገኘው «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ መጠሪያ ሲሆን፣ ጥይቱ በሀገራችን ገበያ እንደ አሞሌ ጨው ሁሉ በገንዘብነት ያገለግል ነበር። ጥይቱ ገንዘብ በሆነበት ዘመን ባዶው ቀለህም በከንቱ አይጣልም፤ ተለቅሞ ባሩድ ይመለስበት ነበር።

ወደ ጥያቄው እንመለስ። ቀለህ የሚጸዳው ለማማር ብቻ አይደለም። ጥላሸትና አሸዋ የመሙያውን መሣሪያ ይቧጭራሉ፤ ከዚህም በላይ ስንጥቅን ይሸፍናሉ። የተሰነጠቀ ቀለህ ደግሞ በተኳሹ ፊት ላይ አደጋ ነው። ስለዚህ የጽዳት ዋና ዓላማ ጉድለትን በዓይን ለማየት ማስቻል ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሸጡት መሣሪያዎች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው የሚንቀጠቀጥ ገንዳ ነው። ቀለሁ ከተፈጨ የበቆሎ ቆሮቆንዳ ወይም ከዎልነት ቅርፊት ጋር ተቀላቅሎ ለሰዓታት ይፈተጋል። ዋጋው ቀላል ነው፤ ውኃም አይፈልግም፤ ነገር ግን ብናኙ ብዙ ነው። ሁለተኛው የሚሽከረከር በርሜል ነው። በውስጡ ውኃ፣ ሳሙና፣ ጥቂት የሎሚ አሲድና ጥቃቅን የማይዝግ ብረት ዘንጎች ይገባሉ። የቀለሁን ውስጡንም ውጭውንም ያጠራል፤ ዘንጎቹ ግን ቀለህ ውስጥ እንዳይቀሩ አንድ በአንድ መፈተሽ ያስፈልጋል። ሦስተኛው በጆሮ በማይሰማ የድምፅ ሞገድ ፈሳሹን እያናወጠ የሚያጸዳው ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ውስጡን ያጸዳል፤ ሆኖም በአንድ ጊዜ የሚይዘው ጥቂት ነው፤ ናሱንም እንደ መስተዋት አያበራም።

ወንድማችን ደረቁን ገንዳ እንዳሰቡ ጽፈውልናል። ምክንያታቸውም የሚናቅ አይደለም። ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ከኢትዮጵያ የከርሰ ምድር ውኃ በቧንቧ እስከ መቀበል የደረሰች፣ ውኃ ብርቅ የሆነባት ሀገር ናት። ይሁን እንጂ እኅታችን የፈሩት ነገር ከውኃ ወጪ ይበልጣል። በቀለሁ መቀመጫ ላይ ያለችው እሳት ጫሪ ካፕሱል በአብዛኛው የእርሳስ ውሕድ አለባት፤ ስትተኮስ ቅሪቷ ከጥላሸቱ ጋር በቀለሁ ውስጥ ይቀመጣል። ደረቁ ገንዳ ይህን ቅሪት ወደ ብናኝ ይለውጠዋል። ብናኙ በልብስ፣ በጫማና በእጅ ተይዞ ወደ ቤት ይገባል። ወለል ላይ የሚድህና እጁን ወደ አፉ የሚወስድ ሕፃን በአፉ ከገባው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚያሳልፈው መጠን ከአዋቂ አራትና አምስት እጥፍ ይደርሳል። እርሳስ የሚጎዳው የልጁን አእምሮ ነው፤ ጉዳቱም ተመልሶ አይጠገንም። ለሕፃን ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አልተገኘም።

ስለዚህ ፍርዳችን እንዲህ ነው። ከመሣሪያው በፊት ቦታው ይመረጥ። ሥራው ከመኖሪያ ግቢ ወጥቶ፣ ከተቻለ በተኩስ ሜዳው አጠገብ ባለ፣ የሚቆለፍ መጠለያ ውስጥ ይሁን። ቦታው ከተገኘ፣ ክዳኑ የሚጠብቀውን የውኃ በርሜል እንመርጣለን፤ ብናኙን ውኃው ይይዘዋልና። ለጥቂት ቀለህ ሦስተኛው ዓይነትም ይበቃል። የታጠበበት ውኃ ግን መርዝ ነው። ፍየል በሚጠጣበትና ልጅ በሚጫወትበት አይደፋም፤ በተዘጋ ዕቃ ተጠራቅሞ ለቡድኑ ኃላፊ ይመለሳል። ቦታው ካልተገኘ ሥራው ይቅር።

ጥቂት ማስጠንቀቂያዎችን እንጨምር። ያልተተኮሰ ጥይት ከባዶዎቹ መካከል ተደባልቆ እንዳይገኝ አንድ በአንድ ይለቀም። የታጠበው ቀለህ በጥላ ሥር ወይም በፀሐይ ይድረቅ፤ የፔካ 12 ፀሐይ ለዚህ አታንስም። በምጣድ ወይም በምድጃ ማድረቅ ግን ሁለት ጊዜ ጥፋት ነው፤ ከፍተኛ ሙቀት ናሱን ያለሰልሰዋል፤ እርሳሱም እንጀራ በሚጋገርበት ላይ ይቀራል። የሽቦ ቡርሽና ሞተር ሞረድ የቀለሁን ግድግዳ ያሳሳሉ። አሞኒያ ያለበት የናስ መወልወያም አይነካው። በህንድ የነበረው የእንግሊዝ ጦር በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ ያከማቸው ጥይት እየተሰነጠቀ አስቸግሮት ነበር። ምክንያቱ ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ መሆኑን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1921 አስረድተዋል።

ሠራተኛውም ጓንት ያጥልቅ፤ በሥራው ላይ አይብላ፣ አያጭስ፣ ጫትም አይቃም። ሲጨርስ እጁንና ፊቱን በሳሙና ይታጠብ፤ የሥራ ልብሱንና ጫማውን እዚያው ትቶ ይምጣ። ልብሱ ከልጆች ልብስ ጋር በአንድ ሳፋ አይታጠብ። ልጁ ከዚህ ቀደም ለብናኙ ተጋልጦ ከሆነ ደግሞ ለሐኪም ቀርቦ ደሙ ይመርመር።

ወንድማችን፣ የእጅዎን ሙያ እናከብራለን፤ ትርፍ ገቢው ለቤቱ እንደሚያስፈልግም እንረዳለን። ባለቤትዎ ግን ሥራዎን አልናቁም፤ የጠየቁት ደጃፉ እንዲጠበቅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏልና፣ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ሁለታችሁ ተቀምጣችሁ ስለ ቦታው ተስማሙ። ከሥራ ሲመለሱ ልጅዎ ሮጦ ሲያቅፍዎ እጅዎም ልብስዎም ንጹሕ ይሁን።