ለጋኑ የዘመረ የለም

ያን ንስር ባገኘው አንቀው ነበር። አርባ ዓመት ሲሞላው ተራራ ወጥቶ ምንቃሩን ከአለት እያጋጨ የሚሰብረውን፣ ጥፍሩን ነቅሎ ላባውን የሚያራግፈውን፣ ከአምስት ወር ሥቃይ በኋላ እንደ አዲስ ተወልዶ ሌላ ሠላሳ ዓመት የሚኖረውን ንስር ማለቴ ነው። በየሥልጠናው አዳራሽና በየቴሌግራም ቻናሉ ሲበር ኖሯል። በ2017 ዓ.ም የአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት ቤት እያፈረሰ ሰፈሬ ካዛንቺስ ደርሶ ጎረቤቶቼ ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው ወደ ገላን ጉራ ሲሄዱ ደግሞ ከነላባው መጥቶ እነሱ ላይ አረፈ። «ንስር ሁኑ! መከራ ያድሳል! ለበጎ ነው!» ባዩ በዛ። አብዛኛው ባይ ቤቱ ያልፈረሰበት ነው። አነቃቂ ንግግር ይሉታል። እኛ እኮ ከነቃን ሰነበትን፤ ያጣነው እንቅልፍ ነው!

ሲጀመር ነገሩ ውሸት ነው። የንስር ምንቃርና ጥፍር ዕድሜ ልኩን እያደገ ዕድሜ ልኩን የሚያልቅ ነው። ምንቃሩን የሰበረ ንስር ሥጋ መቦጨቅ አይችልም፤ አምስት ወር ሊጠብቅ ቀርቶ በጥቂት ሳምንት በረሃብ ያልቃል። አሜሪካ ውስጥ አንድ የዱር ንስር 38 ዓመት ኖሮ ሲገኝ ለዝርያው ክብረ ወሰን ተባለ። ታዲያ ሰባውን ዓመት ከየት አመጡት? ቄራ ሰማይ ላይ የሚያንዣብቡትን አሞሮች ለአንድ ቀን ቀና ብሎ ያየ ሰው ይህን ተረት አይገዛም።

አባቶቻችን የንስርን መታደስ ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። ከግሪክ ወደ ግእዝ የተመለሰው ጥንታዊው ፊሳልጎስ፣ እርጅና የተጫነው ንስር ወደ ፀሐይ ወጥቶ ክንፉን እንደሚያቃጥል፣ ከምንጭ ውሃም ሦስት ጊዜ ተነክሮ እንደሚታደስ ይተርካል። ምሥጢሩ ስለ ንስሐና ስለ ጥምቀት ነው፤ ንስሩም ወዶ ይወጣል። የጎረቤቱን ምንቃር ሰብሮ «ይጠቅምሃል» የሚል ንስር በፊሳልጎስም የለም።

ተረት ካማራችሁ ደግሞ የራሳችን አለላችሁ። ድርቅ ገባ። አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ተሰብስበው «ይህ መዓት የመጣው በአንዳችን ኃጢአት ነውና እንናዘዝ» ተባባሉ። አንበሳ በሬ ሰብሬ በላሁ አለ፤ «ጌታችን፣ ይህ ምኑ ኃጢአት ነው!» አሉት። ነብር ፍየል፣ ጅብ በግ መብላታቸውን ተናገሩ፤ እነሱም ይቅር ተባሉ። አህያ ተራዋ ሲደርስ «ጌታዬ መንገድ ላይ ቆሞ ሲያወጋ ከዳር ሣር ነጨሁ» አለች። «አገር ያጠፋሽው ለካ አንቺ ነሽ!» ብለው ተቀራመቷት።

ይህን ያወረሱን እናቶች «አህያዋም ከመበላቷ ብዙ ትምህርት ቀሰመች» ብለው አልጨረሱም። «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» የሚል ሕዝብ ጥርስን ከስብከት ለይቶ ያውቃል። መበላት አንድ በደል ነው፤ ለመበላት አመስግን መባል ሁለተኛው ነው።

ሰፈሩ ራሱ ምስክሬ ነው። ካዛንቺስን በ1928 እና በ1933 ዓ.ም መካከል የሠራው የጣሊያን ወራሪ ነው፤ ቤቶቹንም ያሰበው ለራሱ መንግሥት ሠራተኞች ነበር። ይኸው ወራሪ ከየካቲት 12 ቀን 1929 ጀምሮ በዚህችው ከተማ ሕዝብ ላይ ያወረደውን ጭፍጨፋ የስድስት ኪሎ ሐውልት ይናገራል። ጠላት ተባረረ፣ ቤቱ ቀረ፣ ሰው ገባበት። ከዚያ ወዲያ በሰፈሩ የተዘፈነው ዘፈን፣ የተጣለው ጠጅ፣ ያደገው ልጅ ሁሉ የሕዝቡ ሥራ ነው። ከሰፈሩ አፍንጫ ሥር፣ በአፍሪካ አዳራሽ፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም የአፍሪካ መሪዎች የአንድነት ድርጅታቸውን ቻርተር ፈረሙ። ዛሬም ግን «ጣሊያንማ ቤትና መንገድ ሠርቶልናል» ባይ አይጠፋም። ሠርቶልናል? ለእኛ ብሎ?

እስር ቤትን የሚያመሰግንም አለ፤ ገጣሚውን ነቢይ መኮንንን ተመልከቱ። በደርግ ዘመን ማዕከላዊ እስር ቤት ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቼልን ልቦለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ መለሰው፤ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ሆኖ ደረሰን። «ባይታሰር ኖሮ ይህን መጽሐፍ አናገኝም ነበር» የሚሉ ሰዎች ገጥመውኛል። ማዕከላዊ አንድ መስመር አልተረጎመም፤ የተረጎመው ነቢይ ነው! በዚያ ዘመን ታስረው መጽሐፍ ቀርቶ አስከሬናቸው ለቤተሰብ ያልደረሰ ወጣቶችስ? የእነሱን ያልተጻፈ መጽሐፍ ማን ይቁጠርልን? ኋላም ነቢይ ዋና አዘጋጅ በነበረበት አዲስ አድማስ ጋዜጣ ርዕሰ አንቀጹ በተረት ይከፈት እንደነበር አንባቢ ያስታውሳል። ያ ተረት ኃያሉን መጠየቂያ ነበር፤ ደካማውን ማስተኛ ያደረጋችሁት እናንተ አነቃቂዎች ናችሁ።

ከመከራ ጥቅም አይወጣም የሚል ሰው ደግሞ ካዛንቺስ አልኖረም። «ችግር በቅቤ ያስበላል» ይባላል። እውነት ነው፤ ወጥ ያጣ እንጀራውን በቅቤ ይበላል። ቅቤው ግን ቤት ውስጥ መኖር አለበት! የካዛንቺስ ቅቤ ጎረቤት ነበር። ከሐምሌ 1967ቱ የትርፍ ቤት አዋጅ ወዲህ የቀበሌ ቤቱ ጣሪያ አፍስሷል፣ ጭቃው ረግፏል፣ መጸዳጃው ለስንት አባወራ አንድ ሆኖ ኖሯል። በዚያ ጥበት ውስጥ እናት ልጇን ጎረቤት ጥላ ሥራ ትውል ነበር፤ ባለሱቁ በዱቤ ይሰጥ ነበር፤ እቁቡ ለትምህርት ቤት ክፍያ ይደርስ ነበር፤ እድሩ ያዘነውን ደግፎ ያቆም ነበር። ችግሩን ወደ ጥቅም የለወጠው ይህ መተሳሰብ ነው። ሰውን ከሰው በትኖ «ከችግርህ ጥቅም ፈልግ» ማለት ቅቤውን ወስዶ «ብላ» ማለት ነው።

በአዲሱ ቤት የራሳችን ውሃና መጸዳጃ አገኘን፣ ተገላገልን የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እነሱ ሲሉት ያምርባቸዋል። ከጀበና ቡና ደንበኞቿ የተለየችው ጎረቤቴ ደግሞ ከሰርኩ ብትል ያምርባታል። አንድ ጎልማሳ «ለበጎ ነው እማማ» ያላቸው የሰፈራችን አሮጊት ቀና ብለው አዩትና፣ «እሱንማ እኔ ልበለው እንጂ፣ አንተ ምን ቤት ነህ?» አሉት። እኔ በዚህ ሁሉ ገጽ የምለውን እሳቸው በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት።

ክፍለ ከተማችን ስሙን የወረሰው ሕፃኑ ቂርቆስ ከእናቱ ከኢየሉጣ ጋር በሚፈላ ጋን ውስጥ ተጥሎ ገብርኤል እንዳዳናቸው በየዓመቱ ሐምሌ 19 ይተረካል። ለሕፃኑ ጽናት ይዘመራል፤ ለእናቱ ይዘመራል፤ ለመልአኩ ይዘመራል። ለጋኑ የዘመረ ግን የለም። እሳቱን ላስነደደው መኰንን «ጽናታቸውን ስላሳየኸን» ብሎ ጧፍ ያበራለት የለም።

እንግዲህ እናንተ መከራን የምታቆላምጡ፣ ሥራ ከፈለጋችሁ ሥራ አለ። ለተነሣው ሰው ካሣው በጊዜው ይድረሰው በሉ። ለልጁ ትምህርት ቤት ይቅረብ በሉ። ታክሲና አውቶቡስ ይግባለት በሉ። እድሩና እቁቡ ሳይበተን አብሮ ይስፈር በሉ። ከመከራው ያተረፈው ካለ ባለቤቱ በራሱ አፍ፣ በራሱ ጊዜ ይናገር። እስከዚያ አፋችሁን ሰብስቡ።