የጠፋው ባሕር መዝገብ

ኦጋዴን ዛሬ ደረቅ ምድር ነው፤ ከ160 ሚሊዮን ዓመት በፊት ግን ባሕር ነበረ። ይህ ተረት አይደለም፤ በዐባይ ሸለቆና በመቀሌ አካባቢ በኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚታየው ዛጎል የዚሁ ባሕር ምስክር ነው።

ታዲያ የደረቀ ባሕር ምን ይጠቅመናል የሚል ቢኖር፥ መልሳችን እነሆ። አየር ባጣ ውሃ ሥር የረጋ ጥቁር ጭቃ፥ ተቀብሮ ሲግል ጋዝ ያፈልቃል፤ በዳርቻው የተከማቸ አሸዋ ይይዘዋል፤ ባሕሩ ሲተን የቀረው ጨውና ጂፕሰም ይከድነዋል። እንግዲህ ጭቃው፥ አሸዋውና ክዳኑ የት እንደነበሩ ያላወቀ ቆፋሪ በጨለማ እንደሚዳብስ ሰው ነው።

በኦጋዴን፥ በካሉብና በሂላላ፥ ጋዝ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ታውቋል። አንድ ጉድጓድ ግን ብዙ ሀብት ይፈጃል። ስለዚህ ከመቆፈሪያው በፊት ድንጋዩን ማንበብ ይቅደም፤ ከጥልቁ የወጣውም ናሙና እንደ ብራና መጽሐፍ ይጠበቅ እንላለን።