ከፊታቸው ወዝ ጋር ለተጣሉ ልጆቻችን

እኩዮቼ፣ ልጅ ድራችሁ አሁን የልጅ ልጅ ሰርግ የምትጠባበቁ እናቶችና አባቶች፣ ይህን የምናገረው ደስታችሁን ላደፈርስ ብዬ አይደለም፤ በየቤታችን መስታወት ሥር የሚደረደረው ቱቦና ብልቃጥ ከዓመት ዓመት ሲበዛ እያየሁ ዝም ማለት ስለከበደኝ ነው።

ልጆቻችን ከፊታቸው ወዝ ጋር ተጣልተዋል። አፍንጫና ግንባር ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ነውር መስለዋቸው ጠዋት በሳሙና፣ ማታ በሎሚ ይፈትጓቸዋል። ቀዳዳዎቹ ግን የጸጉር መውጫ፣ የወዝ ዕጢም መፍሰሻ ናቸው፤ የሚከፍታቸውም ሆነ የሚዘጋቸው ጡንቻ ስለሌላቸው በእንፋሎትም በበረዶም አይጠፉም። በጉርምስና ሆርሞን ዕጢው ሲነቃ ወዙ ይበዛል፣ መውጫው በቅባትና በሞተ ቆዳ ሲደፈን ደግሞ ብጉር ይወጣል፤ ቆሻሻነት አይደለም። በፈተጉት ቁጥር ቆዳው ይቆጣል፣ የተቆጣውም በእኛ ዓይነት መልክ ላይ ጠቆር ያለ ምልክት ትቶ ያልፋል፣ ያን ምልክት ለማጥፋት ሲባል ደግሞ ወደ ባሰው ይኬዳል።

የሚያስፈራኝ ይህ የባሰው ነው። ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ያለበት ክሬም ለችፌና ለመሰሉ ሕመሞች በሐኪም እጅ የሚታዘዝ ብርቱ መድኃኒት ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ ከሊፕስቲክ ጎን ተሰልፎ ለፊት ማሳመሪያ ይሸጣል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ብጉሩን ያከስማል፣ መልክ ያቀላል፣ ጎረቤቱም ያደንቃል። በወራት ውስጥ ግን ቆዳው ይሳሳል። ለሰርጓ ብላ የጀመረችውን አንዲት የሰፈራችንን ልጅ፣ ጉንጯ ላይ ደም ሥሮቿ እንደ ቀይ ክር ወጥተው፣ ቡና ስታፈላ የከሰሉን ሙቀት አልችል ብላ በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ስትከልል አይቻታለሁ፤ ልተወው ባለች ጊዜ ፊቷ ቀልቶና አብጦ በብጉር ስለሚሸፈን፣ ወደዚያው ቱቦ ትመለሳለች።

ሌሎች በዚህ መንገድ ቀድመውን ሄደዋል። በደቡብ አፍሪካ ሃይድሮኪኖን ያለበትን ማቅለያ ለዓመታት የተቀቡ ሴቶች ጉንጫቸው ቀልቶ አልቀረም፤ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ለማከም እጅግ አስቸጋሪ የሆነ ጥቁረት ወረሰው። ሐኪሞች ነገሩን በ1975 እ.ኤ.አ. ጽፈው አሳወቁ፤ ሀገሪቱ ማቅለያዎቹን በ1990 እ.ኤ.አ. እስክትከለክል ድረስ ግን የስንቱ ፊት ተበላሸ! ሜርኩሪ ያለበት ክሬም ደግሞ ከቆዳ አልፎ ኩላሊትን ይጎዳል፤ እናቱ ጉንጭ ላይ ለሚተኛ ሕፃንም ይተርፋል።

ነጋዴውን ብቻ መውቀስ ይቀለናል። በድግስ መሐል «ቀላች፣ አማረባት» ብለን የምናሞግሰው፣ ከዓረብ ሀገር ለምትመጣው ልጅ የክሬም ስም ጽፈን የምንልከው ግን እኛው ነን፤ ጠይሟ ልጅም አጠገባችን ተቀምጣ ትሰማለች።

ቢሆንም አልመሸም። ቆዳ ራሱን ያድሳል፤ ወራት ቢፈጅም፣ የወጣው ደም ሥር ሁሉ ባይመለስም፣ አብዛኛው ይሽራል። ለወዛም ፊት በቀን ሁለቴ ለብ ያለ ውሃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃዋል። ክሬሙን ለረጅም ጊዜ የተቀባችው ልጅ ግን በእናንተ ቁጣ በአንድ ቀን አትጣለው፤ ቀስ በቀስ የሚያስተዋት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ውሰዷት፣ ሐኪሙ ውስጡ ምን እንዳለ እንዲያይም ቱቦውን ይዛችሁ ሂዱ።